መጽሐፉ ያልተከተለው መኪና፤ በወገራና በስሜን ግርጌ ያገለገሉ የባዕድ አገር መሣሪያዎች ታሪክ

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚወጣው፥ ከደባርቅም አልፎ በወልቀፊት አፋፍ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደው መንገድ በጸሓፊዎች ዘንድ የታወቀው በተራራው ግርማና በጦርነቱ ዝና ነው። ነገር ግን ይህ አገር ሌላም ታሪክ አለው፤ ይኸውም በባዕድ አገር ተሠርቶ፥ እዚያው አገልግሎ፥ ሠሪው እንደዚያ ያለውን መሥራት ከተወ በኋላ ወደ እኛ የገባ መሣሪያ ታሪክ ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ የአሠራሩን መመሪያ መጽሐፍ አስከትሎ አይመጣም። መጽሐፉ ቢመጣም የተጻፈበትን ቋንቋ የሚያነብ ሰው በአጠገቡ አይገኝም። ስለዚህ ገዢው ብረቱን ይገዛል እንጂ ዕውቀቱን አይገዛም፤ ዕውቀቱን ከሌላ ስፍራ መፈለግ ግድ ይሆንበታል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ነገር ይህ ዕውቀት ከየት ተገኘ፥ በማን እጅ ተጠበቀ፥ በምንስ ምክንያት ደጋግሞ ጠፋ የሚለው ነው። አንባቢው እንዳይሳሳት አስቀድመን እንግለጽ፤ «መኪና» ስንል እንደ ቀድሞው አነጋገር በሞተርም ሆነ በእጅ የሚሠራውን ማናቸውንም መሣሪያ ማለታችን ነው፤ የልብስ ስፌት መኪና፥ የጽሕፈት መኪና እንደሚባለው ማለት ነው።

1. የደረስጌ ጠመንጃ

ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ስሜንንና ትግሬን አጠቃልለው በገዙበት ዘመን በምጽዋ በኩል ጠመንጃ ያስገቡ ነበር። በዚያው ዘመን፥ ማለት እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹና በ1840ዎቹ፥ የአውሮፓ ሠራዊቶች በድንጋይ ፍንጣሪ የሚተኮሰውን ጠመንጃ ትተው በተቀጣጣይ ቆብ ወደሚተኮሰው ይሻገሩ ነበር። የተተወው ጠመንጃ ግን አልተጣለም፤ ወደ ገበያ ወጣ። በ1847 ዓ.ም. በየካቲት ወር ካሣ ኃይሉ ውቤን በደረስጌ ላይ ድል ነሥተው፥ ውቤ ራሳቸው ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ፥ ተሸናፊው ያከማቹት መሣሪያ በአዲሱ ንጉሥ እጅ ገባ።

ከዚያም ወዲህ ሥርዐቱ አልተለወጠም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1866 የተቀበሉትን የስናይደር ጠመንጃ በ1871 በማርቲኒ ሄንሪ ሲተኩት፥ ስናይደር ወደ እኛ መጥቶ «ሰናድር» ተባለ። ፈረንሳዮች የ1874 ሥሪት የሆነውን የግራ ጠመንጃ በ1886 በልቤል ሲተኩት፥ እርሱም መጥቶ «ውጅግራ» ተባለ። ስሙ ፈረንሳዮች ጠመንጃን ከሚጠሩበት ቃልና ከሠሪው ስም ተገጣጥሞ የተወለደ ነው። እንግዲህ በእነዚህ ስሞች ውስጥ የሠሪው ስም ሳይጠፋ ቆየ፤ የአሠራሩ መጽሐፍ ግን ከስሙ ጋር አልመጣም። ምላጩ ሲሰበር፥ ሰደፉ ሲሰነጠቅ የሚጠገነው በአገሩ ብረት ሠሪ እጅ ነበር፤ እርሱም የተሰበረውን አስቀምጦ፥ ያልተሰበረውን አይቶ፥ አምሳያውን ቀጥቅጦ በሞረድ ያስተካክል ነበር።

2. መጽሐፉ ሰው የሆነበት ዘመን

ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩት የብረት ሥራ ስፍራ ስለዚህ ነገር ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። በዚያ የሠሩት አውሮፓውያን፥ እነ ዋልድማየር፥ ዛልሙለርና ቤንደር፥ በባዝል ከተማ አጠገብ ከሚገኘው ከቅዱስ ክሪሾና የሚስዮን ቤት የመጡ ናቸው። የእጅ ሥራና መጽሐፍ ቅዱስ ተምረዋል፤ መድፍ ማቅለጥ ግን አልተማሩም። ንጉሡ መድፍ ሥሩ ባሏቸው ጊዜ የሚመራቸው መጽሐፍም ሆነ ያሠለጠናቸው መምህር አልነበረም። በመጀመሪያ ሞክረው ሳይሆንላቸው ቀረ፤ ምድጃውንም፥ ቅርጹንም እየለወጡ ደጋግመው ከሞከሩ በኋላ ተሳካላቸው። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1867 ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል የሆነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተሠራ፤ በሰው ጉልበትም እስከ መቅደላ ተጎተተ።

ነገር ግን በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ከወደቀ በኋላ እነዚህ ሠራተኞች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጥተው ሄዱ፤ የጋፋትም ምድጃ ጠፋ። የተማሩት ሁሉ በስሕተት የተገኘ ዕውቀት ነበረ፤ በአማርኛ ተጽፎ አልቀረም። መድፉ ዛሬም በመቅደላ ሲኖር፥ መድፉን የሠራው ጥበብ ግን ከሠሪዎቹ ጋር ተሰደደ። በዚያው ዓመት ጀነራል ናፒየር ለደጃዝማች ካሣ፥ ኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ለሆኑት፥ መድፍና ጠመንጃ ትቶላቸው ሄደ። የመሣሪያውን አያያዝ ለሠራዊቱ ያስተማረው ከዘመቻው ጋር የመጣው ጆን ኪርክሃም የተባለ እንግሊዛዊ ነው። በሁለቱም ነገር መጽሐፉ ሰው ነበረ ማለት ነው፤ ሰውየው ሲሄድ መጽሐፉ ይሄዳል።

ሰው እንኳ ባይኖር ምን እንደሚሆን ለማወቅ የአዲስ አበባን የሰፈር ስም መጠየቅ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1904 ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ለዐፄ ምኒልክ በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ አስመጣ፤ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» አለው። ተሰብሮ የቀረበት ስፍራ እስከ ዛሬ ሰባራ ባቡር ይባላል። ከሞተር ወፍጮ ጀምሮ በራሱ የሚንቀሳቀሰውን ብረት ሁሉ «ባቡር» ብሎ የጠራ ሕዝብ፥ የመጀመሪያዎቹን መኪናዎች በአገልግሎታቸው ብቻ ሳይሆን በስብራታቸውም ጭምር አስታወሰ።

3. የወልቀፊት መንገድና የኢጣልያ ቃላት

ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. ጎንደርን ከያዘች በኋላ ከአስመራ ወደ ጎንደር የሚያደርሰውን መንገድ በወልቀፊት ቋጥኝ ላይ ጠርባ አወጣች። በዚህ መንገድ የተመላለሰው ትልቁ የጭነት መኪና ፊያት 634 ነበረ፤ እኛም ከቁጥሩ መጨረሻ ወስደን «ትሬንታ ኳትሮ» አልነው። እንዲህ ያለ መኪና በእንዲህ ያለ አቀበት ላይ ያለ ጥገና አይውልምና፥ መንገዱ ባለፈበት ሁሉ የጥገና ሥራ ተከተለው።

ይህ ሥርዐት የቆየው ጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። በኮሎኔል ጎኔላ የሚታዘዘው የወልቀፊት ጦር መስከረም 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ ጀነራል ናዚም በዚያው ዓመት ኅዳር 18 ቀን በጎንደር እጃቸውን ሰጡ። ከዚህ በኋላ እንግሊዞች ኢጣልያ ካስገባችው መኪናና የፋብሪካ ዕቃ ብዙውን የጦር ምርኮ ነው በማለት ከአገር አወጡ። የቀረው ወይ ሊነቀል ያልቻለው፥ ወይ የተሰበረው፥ ወይም የጎደለው ነበር። መንግሥታችን ይህን ስላወቀ ኢጣልያውያኑ በሙሉ ይውጡ ሲባል ከባለ ሙያዎቹ መካከል አንዳንዶቹን አስቀረ። እነርሱም በየጋራዡ ሲሠሩ፥ ዕቃ የሚያቀብለው ኢትዮጵያዊ ረዳት ከሥራቸው ቆሞ ይመለከት ነበር።

የዚህ ትምህርት ምስክር በአፋችን ላይ አለ። ኦፊቺና፥ ቶርኖ፥ ትራፓኖ፥ ፍሬዛ፥ ሞርሳ፥ ካቻቢቴ፥ ፒንሳ፥ ቡሎን፥ ዳዶ፥ ኩሽኔታ፥ ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ፥ ባሌስትራ፥ ካንዴላ፥ ቺንጋ፥ ፊልትሮ፥ ፖምፓ የምንላቸው ሁሉ ከኢጣልያ ቋንቋ የተገኙ ናቸው። ነገር ግን ተመራማሪው ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ልዩነት አለ። የአካላቱ ስም የባዕድ ሲሆን የሕመሙ ስም የአገር ነው። ሞተሩ «ዘይት ይጠጣል»፤ «ያስላል»፤ «ታፈነ»፤ «ነከሰ» ይባላል፤ ጎማ «ይበላል»፤ ጥርስ «ይዝላል»። ረዳቱ የአካሉን ስም ከባለ ሙያው አፍ ሰማ፤ የሕመሙን ምልክት ግን በጆሮውና በእጁ ራሱ ስላገኘው፥ ከሰውና ከከብት ሕመም በለመደው ቃል ጠራው። ስለዚህ ይህ የቃላት ክምችት ያልተጻፈ የመመሪያ መጽሐፍ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም፤ የመጀመሪያው ክፍል የተተረጎመ፥ ሁለተኛው ክፍል የተደረሰ ነው።

4. ያለ መጽሐፍ መግዛትና ማሠራት

ቶርኖ ከሌሎቹ የብረት ሥራ መኪናዎች ሁሉ ይቀድማል፤ የሌላውን መኪና መለወጫ ዕቃ ሊሠራ የሚችል እርሱ ነውና። ያገለገለ ቶርኖ የሚገዛ አስተዋይ ሰው ቀለሙን አይመለከትም። በመጀመሪያ ሥራውን የሚይዘውን ራስ በእጁ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ይነቀንቀዋል፤ ከላላ ኩሽኔታው ተበልቷል። ቀጥሎ ስለቱ የሚመላለስበትን አልጋ ከራሱ አጠገብና ከጫፉ አነጻጽሮ ይዳስሳል፤ አጫጭር ሥራ የሚሠራው ዘወትር ከራሱ አጠገብ ስለ ሆነ አልጋው የሚበላው እዚያ ነው። በመጨረሻም ተለዋጭ ጥርስ ያላቸውን መዘውሮች ይቆጥራል። መጽሐፉ ከጠፋበት መኪና መዘውሮቹም አብረው መጥፋታቸው የተለመደ ነው።

የእነዚህ መዘውሮች ጥቅም እንዲህ ነው። ቶርኖ ፊለት ሲያወጣ ስለቱን የሚጎትተው አንድ ረጅም ጠመዝማዛ ዘንግ ነው። ከአንዱ ፊለት እስከ ሌላው ያለው ርቀት በዘንጉ ላይ 6 ሚሊ ሜትር ቢሆንና ሠራተኛው 1.5 ሚሊ ሜትር ቢፈልግ፥ ዘንጉ ከሥራው አራት ጊዜ ዝግ ብሎ መዞር አለበት፤ ስለዚህ ባለ 20 ጥርስ መዘውር ባለ 80 ጥርሱን እንዲያዞር ያደርጋል። ይህን የሚያስረዳው ሰሌዳ ቢነቀል እንኳ፥ ዘንጉን በመለካትና በማካፈል ብቻ ሰሌዳውን እንደ ገና መጻፍ ይቻላል።

ችግሩ የሚበረታው መኪናው በኢንች ከሚለካ አገር የመጣ እንደ ሆነ ነው። ዘንጉ በአንድ ኢንች ውስጥ 4 ፊለት ካለው ርቀቱ 6.35 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከእርሱ 1.5 ሚሊ ሜትር ለማግኘት 30 ጥርስ 127 ጥርስን ማዞር አለበት። ይህ 127 የሚባለው ቁጥር በሌላ የማይካፈል ስለ ሆነ በትንንሽ መዘውሮች ገጣጥሞ ሊያገኙት አይቻልም። አንዳንዶች በእኩሌታው ግማሽ ጥርስ በሚጎድለው በ63 ይተኩታል፤ ስሕተቱ ከመቶ አንድ አይሞላም። ለአጭር ቡሎን ይበቃል፤ ለረጅም ዘንግ ግን አይሆንም። በእኛ አገር ላይ የሚሊ ሜትሩ የኢጣልያ፥ የኢንቹም የእንግሊዝና የአሜሪካ ቡሎን በአንድ ሣጥን ውስጥ ስለ ተቀላቀሉ፥ የእንግሊዙም የፊለት ማዕዘን 55 ዲግሪ፥ የሌሎቹ 60 ዲግሪ ስለ ሆነ፥ ዐይን አንድ ናቸው ያላቸውን ሁለት ብረቶች በግድ ማጋጠም የብዙ መኪናዎች መጥፊያ ሆኗል።

በሌላ በኩል መጽሐፉ ቢገኝም የማይናገረው ነገር አለ። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከመቶ 70 ያህሉ ብቻ ነው፤ ውሃም በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ አየርን በራሱ የሚስብ ሞተር በሰሌዳው ላይ ከተጻፈው ጉልበት ከሩቡ የሚበልጠውን ያጣል፤ ማቀዝቀዣውም መጽሐፉ ከሚለው ቀድሞ ይፈላል። ሰሌዳውን አምኖ ወፍጮውን ከሞተሩ ጋር ያጋጠመ ሰው ሞተሩ ጥቁር ጭስ ሲተፋ ተታለልሁ ይላል። ነገር ግን ያታለለው የለም፤ ሰሌዳው የተጻፈው ለቆላ ነው።

በብዙ የአፍሪካና የእስያ አገሮች ወፍጮ ቤቶች የታወቀው የእንግሊዝ ሊስተር ሞተር ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ሠሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ1929 ያወጡት ይህ ሞተር በደቂቃ 600 ወይም 650 ጊዜ ብቻ የሚዞር፥ ከባድ መዘውር ያለው፥ አካላቱ ጥቂት የሆኑ ነው። በእንግሊዝ አገር መሠራቱ በ1987 ሲቀር፥ በሕንድ አምሳያውን የሚሠሩ ቀጠሉ። ዕድሜውን ያረዘመው የብረቱ ጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ ፈትቶ ያየው ሰው አሠራሩን በዐይኑ ሊያነበው መቻሉ ነው። መኪናው ራሱ መጽሐፍ ከሆነ ሌላ መጽሐፍ ቢጠፋ ጉዳቱ ይቀልላል።

የወፍጮ ነገር ለባለ ንብረቱ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ሞተሩ ሲቆም ወጪው በሴቶች ጀርባ ላይ ያርፋል፤ ወይ እህሉን ተሸክመው ወደ ሌላ ወፍጮ ይጓዛሉ፥ ወይ ወደ ድንጋዩና ወደ መጁ ይመለሳሉ። ከደባርቅ ጎንደር ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። አንዲት የተበላች ቁራጭ ብረት ተጭና፥ አምሳያዋ ተሠርቶ እስክትመለስ ድረስ ያለው ጊዜ የሚቆጠረው በስንት ቁና እህል በእጅ እንደ ተፈጨ ነው።

5. ስለ ቀጥቃጩ

አሁን ይህ ታሪክ የሚያሳፍረንን ክፍል ሳንሸሽግ መጻፍ ይገባናል። በወገራና በስሜን ብረት የሚሠሩት በአብዛኛው ቤተ እስራኤል ነበሩ። ማረሻውን፥ ማጭዱን፥ ምሳሩን የሠራ እጅ የነርሱ ነው። ገበሬው ግን ማረሻውን ከእጃቸው ተቀብሎ «ቡዳ» ይላቸው ነበር፤ ከወናፉ አጠገብ መቀመጥም ይፈራ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ቢከለክሉም ልማዱ በዐዋጅ አልተነቀለም።

ከዚህ በኋላ መኪና መጣ። ያንኑ ብረት በቶርኖ የሚሠራው ሰው «መካኒክ» ተባለ፤ ልጅን ለእርሱ ረዳትነት መስጠትም እንደ ነውር አልተቆጠረም። በ1934 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት፥ ኋላም በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ በባሕር ዳር የተቋቋመው የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ሙያውን በወረቀት አስከበሩት። እንግዲህ ያው ሥራ በባዕድ ስም ሲጠራ ከበረ፥ በአገሩ ስም ሲጠራ ተዋረደ። ወናፉና ቶርኖው ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ከሌላው ሊማር ይገባው ነበር፤ ስድቡ በመካከላቸው ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985፥ ኋላም በ1991 ቤተ እስራኤል በብዛት ወደ እስራኤል ሲሄዱ፥ ብረትን በቀለሙ ሙቀቱን የሚያውቅ፥ በድምፁ ስንጥቁን የሚለይ የብዙ ትውልድ ዕውቀት አብሮ ሄደ። ጋፋት ላይ የሆነው ነገር ሁለተኛ ጊዜ ሆነ፤ የዚህኛው ልዩነት የሄዱት ባዕዳን ሳይሆኑ የአገሩ ልጆች መሆናቸው ነው።

6. መደምደሚያ

በደርግ ዘመን ከምሥራቅ ጀርመን፥ ከቼኮስሎቫኪያና ከሶቪየት ኅብረት የመጡ መኪናዎች ወደ አገራችን ገቡ። እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1992 መጨረሻ ባለው ጊዜ እነዚህ ሦስቱ መንግሥታት ፈረሱ። መኪናው የተሠራበት አገር ከካርታ ሲጠፋ መኪናው መዞሩን አላቆመም። እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1988 የተሠራው ፊያት 682፥ እኛ «ኤንትሬ» የምንለው፥ ሠሪዎቹ ከተዉት በኋላም በመንገዳችን ላይ ኖረ። በአዲስ አበባ መርካቶ፥ በምናለሽ ተራና በሶማሌ ተራ፥ የሞተው መኪና አካል ሕያዋኑን ለማኖር ይሸጣል። ይህ ሁሉ የብልኀታችን ምስክር ነው።

ብልኀት ግን ካልተጻፈ ከሰው ዕድሜ አያልፍም። ከላይ ያየናቸው ታሪኮች፥ የጋፋት ምድጃ፥ ሰባራው ባቡር፥ የወልቀፊት መንገድ፥ የቀጥቃጩ ወናፍ፥ ሁሉም አንድ ነገር ይመሰክራሉ፤ የጎደለን ከውጭ ያልመጣው መጽሐፍ ብቻ አልነበረም፤ እዚሁ ተገኝቶ ያልተጻፈውም መጽሐፍ ነው። አንድ ሽማግሌ መካኒክ መኪናውን ሃያና ሠላሳ ዓመት ሲያሠራ ሰሌዳውን እንደ ገና አስልቶታል፤ የአገሩን ከፍታ በጆሮው ለክቶታል፤ የትኛው ብረት በየትኛው እንደሚተካ ያውቃል። የመኪናው እውነተኛ መመሪያ ይህ ነው፤ የሠሪው መጽሐፍ እንኳ ይህን አያውቅም።

ስለዚህ የባህል ጥናት ተማሪ ወደ ወገራና ወደ ስሜን ሲወርድ ተረቱንና የሠርጉን ዘፈን እንደሚጽፍ ሁሉ፥ ወደ ወፍጮ ቤቱና ወደ ጋራዡም ገብቶ የመዘውሩን ጥርስ ቁጥር፥ የሕመሙን ስምና የመድኀኒቱን አሠራር ሊጽፍ ይገባዋል። ሲጽፍም በዘይት የቆሸሸውን እጅ ያክብር፤ ትናንት «ቡዳ» የተባለው፥ ዛሬ «መካኒክ» የሚባለው እጅ አንድ ነውና። ይህ ሳይደረግ አንድ ባለ ሙያ ባረፈ ቁጥር ሌላ ሰባራ ባቡር በሌላ ሰፈር ይቀራል።